ካልሲ የለበሱ ጠርሙሶች

ውድ ጋሼ፣

ስልክ ስለማታነሳ ነው የምጽፍልህ። ታላቅ ወንድምህ "አሁን ወጣ" ማለት ሰልችቷቸው ትናንት እውነቱን ነገሩኝ። "እዚሁ አጠገቤ ተቀምጧል፤ ግን እጁን እያወዛወዘ የለም በላት ይለኛል" አሉኝ። ሳቅሁ። ከሳቅሁ ደግሞ ቆይቻለሁ። ስልኩን ስዘጋ ግን ደላሎችን ከሱቃችን ደጃፍ ስትመልስ እንደምታደርገው፣ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጅህን ስታወዛውዝ ታየኝ።

ደብዳቤን ግን በእጅ ማባረር አይቻልም። ቢያንስ ፖስታውን ትከፍተዋለህ። የውሃ ቆጣሪ ማስታወቂያ እንኳ ጀርባውን ገልብጠህ የምታነብ ሰው ነህ።

ክፉውን አስቀድሜ ልንገርህና ይውጣልኝ። የወይን ሱቃችን ተዘግቷል። ዋናው ደንበኛችን ሆቴሉ ወይኑን ከመንገዱ ማዶ ከተከፈተው ሱፐርማርኬት መውሰድ ጀምሯል፤ አከራያችንም ቤቱን የስልክ ሽፋን ለሚሸጥ ሰው ሰጥቶታል። መደርደሪያዎቹን አንድ አናጺ ነቅሎ ወሰዳቸው። እነሱ የነበሩበት ቦታ ቀለሙ አዲስ ሆኖ ቀርቷል፤ የተቀረው ግድግዳ ምን ያህል እንደጠቆረ ያወቅሁት ያኔ ነው። አሁን የቀሩኝ የመቅመሻው ጠረጴዛና ሁለቱ ወንበሮች ናቸው። በአንተ ወንበር ላይ ማንም እንዲቀመጥ አልፈለግሁም ነበር። አንድ ሰው ግን ተቀምጦበታል፤ እሱን ቆይቼ እነግርሃለሁ።

ይህን የነገርኩህ እንድትጸጸት አይደለም። ሱፐርማርኬቱ በሩን ከከፈተ ጀምሮ ሱቃችን እያዘገመ ሲሞት ነበር፤ ሁለታችንም እያወቅን ሆድ ይፍጀው ብለን ነው የተቀመጥነው። የምጽፍልህ ስለሌላ ነገር ነው። ከቤታችን የወጣኸው እኔ አታላይ ብዬህ ነው። አታላይ እንዳልነበርክ ሳትሰማ እንድትኖር አልፈልግም። ምናልባት አንተ ራስህ አታላይ ነኝ ብለህ አምነህ ይሆናል፤ እንቅልፍ የሚነሳኝም እሱ ነው።

አንተ የምታውቀውን ሁሉ ከመጀመሪያው እየነገርኩ ባሰለችህ ታገሠኝ። እኔም ነገሩ የገባኝ ከሥሩ ጀምሬ ሳስበው ነው።

እናቴ አንተን ካገባች ወዲህ ከተራረፈ ክር ረጃጅም ካልሲዎች ትሠራ ነበር፤ ለእግር ሳይሆን ለጠርሙስ። የስፔን ቀይ ወይን በምናስቀምስበት ቀን፣ ከዚያው ከስፔን የመጣውም ሆነ ቅርብ ቦታ ተጠምቆ የስፔን ልብስ የለበሰው፣ ሁሉም ጠርሙስ ካልሲ ይለብሳል። "ነገር በዓይን ይገባል" ትለን ነበር አንተ፤ "ወርቃማ ሽቦ የተጠመጠመበት ጠርሙስ ያየ ሰው ምላሱ ሥራ ያቆማል።" እናቴ ደግሞ "እኔ ለእናንተ ጠርሙስ ስሠራ የራሴ እግር በረደው" ትላለች። እውነትም ነበር፤ ለራሷ አንድም ካልሲ ሳትሠራ ነው ያለፈችው።

አንተ ደግሞ ዋጋቸውን በገንዘብ ሳይሆን ገንዘቡ በሚገዛው ነገር ትጠራው ነበር። የዳቦ ወይን፣ የምሳ ወይን፣ የጫማ ወይን፣ የቤት ኪራይ ወይን። ዳቦው ከሁሉ ርካሹ ነው፤ በርሜል ያላየ፣ ከረሜላ ከረሜላ የሚል። የቤት ኪራዩ ደግሞ በርሜል ውስጥ ዓመታት ተኝቶ የወጣው፣ ስሙን ለመጥራት እንኳ ጉሮሮ የሚያስጠርገው። ደንበኛ መጥቶ "የትኛውን ልውሰድ?" ሲል "ለማን ነው?" ትለዋለህ። "ለአማትህ ከሆነ ጫማውን፣ ለራስህ ከሆነ ምሳውን፣ ለአለቃህ ከሆነ ዳቦውን በሚያምር ሣጥን አሽገን እንሰጥሃለን።" ሰውየው እየሳቀ ለአማቱም ለራሱም ይዞ ይወጣል።

ከሁሉ በላይ ግን መንታዎቹ ነበሩ። ከካልሲዎቹ መካከል በሁለቱ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ወይን ይገባል። የትኞቹ እንደሆኑ የሚያውቀው ያለበሳቸው ሰው ብቻ ነው፤ ቀድሞ እናቴ ነበረች፣ እሷ ካለፈች በኋላ ጎረቤታችን ሰዓት ሠሪው። ቀማሹ ለሁለቱ መንታዎች የተራራቀ ነጥብ ከሰጠ የዚያን ቀን ነጥብ በሙሉ ይጣላል። "ለራሱ ያልታመነ ምላስ ለሌላ አይመሰክርም" ትለን ነበር አንተ፤ ተረት አስመስለህ ትናገራታለህ እንጂ ራስህ የፈጠርካት ይመስለኛል። በአንተ እጅ ነጥብ ተጥሎ አያውቅም። ለዚህ ነው በሰፈሩ ስምህ ጠፍቶ "አፍንጫው" ሆነህ የቀረኸው።

ከዚያ ያ ጉንፋን መጣ። ትኩሳቱ ሲለቅህ ሽታንም ይዞብህ ሄደ። አንድ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳሙናውን አፍንጫህ ሥር ደቅነህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ቆመህ አይቼሃለሁ፤ ጸሎት ላይ ያለህ ትመስል ነበር። ድምፅ ሳላሰማ ተመለስኩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ "ተመለሰልኝ" አልከኝ፤ እኔም አመንኩህ። ለምን አላምንህም? በዚያው ሰሞን አስቀምሰን ለመንታዎቹ እኩል ነጥብ ሰጥተሃል።

አንድ ነገር ብቻ ለወጥክ። ወንበሬን ከወንበርህ ፊት ለፊት አደረግከው፣ የመስኮቱ ብርሃን ፊቴ ላይ እንዲያርፍ አድርገህ። "ቀለሙን በደንብ እንድታዪው ነው" አልከኝ። ከዚያ ደግሞ "መጀመሪያ አንቺ ቅመሺ፤ ግን ምንም አትበዪ፤ ቃልሽ እንዳይመራኝ" አልከኝ። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ። ቁም ነገር አድርገህ የቆጠርከኝ መሰለኝ። ምላሴ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበርና፣ በልቤ ነጥብ እሰጥና አንተ ስትናገር ከአንተው ጋር ሲገጥም "እየተማርኩ ነው" እል ነበር። እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት አለፈ።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ። እንዳትዘለው።

የሆቴሉ ግዢ ኃላፊ መጥታለች፤ የዓመቱን የሆቴል ወይን የምትመርጠው በዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ያ አፉ የማያርፈው ባለ ምግብ ቤትም አለ፤ ሰዓት ሠሪውም ማዕዘኑ ላይ ተቀምጧል። እንደ ወጋችን መጀመሪያ እኔ፣ ከዚያ አንተ፣ በመጨረሻ እንግዶቹ። ቢጫውን፣ አረንጓዴውን፣ ሰማያዊውን አለፍን። ለቀዩ ካልሲ ስምንት ሰጠህ፤ እኔም በልቤ ስምንት ብዬው ነበር። የመጨረሻው አመዳዩ ሊቀዳ ሲል የጓዳው ስልክ ጮኸ። አከራዩ ነበር። ገብቼ ስለ ኪራይ ጭማሪው የሚለኝን እያዳመጥኩ ሳለሁ ጉዱ ፈላ።

ያላየሁትን የነገረኝ ሰዓት ሠሪው ነው። አመዳዩን አሽትተህ፣ ቀምሰህ፣ ባልዲው ውስጥ ተፍተህ፣ ቀና ብለህ ፊት ለፊትህ ያለውን ወንበር አየህ። ባዶ ነው። "ባዶ ወንበር እንዲህ ሲታይ አይቼ አላውቅም" አለኝ፤ "አንድ ነገር እንዲነግረው የሚለምነው ይመስል ነበር።" ከዚያ ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አነሳህ። ያን ጊዜ ምን እንዳሰብክ አሁን አውቀዋለሁ። እስከዚያ ድረስ መንታ አልመጣም፤ አመዳዩ የመጨረሻው ነው፤ ቀለሙም የቀዩ ቀለም ነው። ስለዚህ የቀዩ መንታ መሆን አለበት። በራስህ ሕግ አሰብክና ደረስክበት።

"ጥቁር ቼሪ፣ ቫኒላ፣ ያረጀ ቆዳ" አልክ። "ስምንት ተኩል።"

መንታ መሆኑ እውነት ነበር ጋሼ። አንድ ወይን፣ አንድ ዓመት፣ አንድ ቤት። ግን የአመዳዩ ቡሽ ታሞ ነበር። ቡሽ አንዳንዴ እንዲህ ይሆናል፤ ወይኑን የረጠበ ካርቶን ያስሸተዋል፤ የጠመቀውም የሸጠውም ሰው ጥፋት የለበትም። አፍንጫ ያለው ሰው ሁሉ ግን ያውቀዋል።

እንግዶቹ ብርጭቆአቸውን አነሱ።

"ጋሼ" አለች የሆቴሏ ሴትዮ ቀስ ብላ፣ "ይሄ ነገር ካርቶን ካርቶን አይልም?"

"ካርቶን?"

"እኔንማ ጎርፍ የገባበት ምድር ቤት ነው የሸተተኝ" አለ ባለ ምግብ ቤቱ። "ስምንት ተኩሉ ለወይኑ ነው ለካልሲው?"

ይኼኔ ነው እኔ ከጓዳ የወጣሁት። ሳቃቸውን እንጂ ቃላቸውን አልሰማሁም። ብርጭቆውን ወደ እኔ ዘረጋህልኝ። "እስኪ አንቺ ቅመሺው" አልከኝ፤ ድምፅህ ልክ እንደ ሁልጊዜው ነበር። ተቀበልኩና አሸተትኩት። አልቀመስኩትም እንኳ። ፊቴ ምን እንዳደረገ አላውቅም፤ እንግዶቹ ምንም አላዩም። አንተ ግን አየህ።

"አዎ" አልክ። "ቡሹ ነው። ተበላሽቷል።"

"እንዴ! ደግመህ ሳታሸተው?" አለ ሰዓት ሠሪው። ክፋት አስቦ አይደለም፤ የገረመውን ነው የተናገረው። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም የሚባለው ለእሱ ነበር፤ እስከ ዛሬ ምላሱን እየረገመ ነው። ሴትዮዋ መጀመሪያ አንተን፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ብርጭቆውን አየች። ባለ ምግብ ቤቱ መሳቁን አቆመ። የሁሉም ዓይን ፊትህ ላይ ሲያርፍ አንተ የጠረጴዛውን ወረቀት በመዳፍህ ታስተካክል ነበር፤ የተጨማደደ ነገር አልነበረውም።

ሲሄዱ ጠብቄ ጮህኩብህ። "ሁለት ዓመት ሙሉ አታለልከኝ? ሰው አንተን አምኖ ገንዘቡን ሲያወጣ ዝም ብለህ ቁጥር ትጠራ ነበር?"

"ቁጥሩ ትክክል ነበር" አልከኝ ብርጭቆ እያጠብክ።

"በምን አውቀህ? አታላይ ነህ!"

አንተ ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ አድርቀህ ደፍተህ ደረደርካቸው። ጠዋት ስነሳ አልጋህ ተነጥፏል፣ የሱቁ ቁልፍ አመዳዩ ካልሲ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። በሳምንቱ ያልተረተብህ ሰው አልነበረም። ዳቦ ልገዛ ወጥቼ አንዱ "አፍንጫው አፍንጫውን አገኘው ወይ?" ብሎ ጠየቀኝ። ዳቦውን ሳልገዛ ተመለስኩ። ለአንተ ማዘኔን ግን ለራሴም አላመንኩም፤ ተናድጃለሁ ብዬ ነበር የማስበው። ተናድጄም ነው ወንድምህ ቤት የደወልኩት። ሁሉንም ዘረገፍኩባቸው። እስክጨርስ ታግሠው ሰሙኝ።

"አንቺ ልጅ" አሉኝ ከዚያ፣ "ከአንቺ ፊት እያነበበ እኮ ነው!"

"ምኑን?"

"ነጥቡን ነዋ! ምኑን ትላለች እንዴ! ይሄ ደግሞ ዛሬ የጀመረው አይደለም። ቤታችሁ የገባ ጊዜ ዓመት ሙሉ አላናገርሽውም አይደል? ያኔ ማታ ማታ እየደወለ ይነግረኝ ነበር። 'ዛሬ ሾርባው ጨው በዝቶባታል፤ ግራ ቅንድቧ ወረደ።' 'ዛሬ ትምህርት ቤት የሆነ ሰው አስከፍቷታል።' 'ጫማው ጠቧታል መሰለኝ።' እኔ እብድ ነህ እለው ነበር። 'የልጅቷ ፊት ምንም አይልም' ስለው 'ይላል፤ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው' ይለኛል።"

ጫማው ትዝ አለኝ። አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ አንተን አግብታ፣ አንተም ሣጥን ሙሉ ብርጭቆ ተሸክመህ የገባህ ሰሞን ነው። ጣቴ እስኪላጥ ጠቦኝ ለማንም አልተናገርኩም፤ አንድ ጠዋት አልጋዬ ሥር አዲስ ጫማ አገኘሁ። እናቴ ገዛችልኝ ብዬ አቀፍኳት። እሷ ደግሞ ግራ ገብቷት አንተን አየችህ። አንተ ጋዜጣ ታነብ ነበር።

ጋሼ፣ የእኔን ፊት አንተም ታውቀዋለህ። እናቴ እንኳ "የዚች ልጅ ፊት ግድግዳ ነው" ትል ነበር፤ አንተ ቃሉን ወስደህ "ግድግዳዬ" እያልክ የፍቅር ስም አደረግከው። አስተማሪዎቼ ኩራተኛ ነች ይሉኛል። ያገባሁት ሰው ሲለየኝ "ደስ ብሎሽ ይሁን ከፍቶሽ አንድም ቀን አውቄ አላውቅም" ብሎኝ ነው የሄደው። ያን ቀን አንጀቴ እየተቃጠለ ነበር፤ እሱ ግን ሻንጣውን እያሰረ "ይኸው፣ አሁን እንኳ ምንም አትይም" አለኝ። ታዲያ እንዲህ ያለውን ፊት ሰው አንብቦ የወይን ነጥብ ያወጣበታል ብዬ እንዴት ልመን? ወንድምህ ሊያጽናኑኝ የፈጠሩት መሰለኝ።

ግን ካልሲዎቹ አሉ፣ ወንበሮቹም አሉ። አንድ እሑድ ከሰዓት ሰዓት ሠሪውን ጠራሁትና ጠርሙሶቹን አልብስልኝ አልኩት። ዳቦ፣ ምሳ፣ ጫማ፣ ቤት ኪራይ፣ መንታም ጨምርበት አልኩት። ከዚያ በአንተ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። የተቀመጠው ሰው እሱ ነው። እኔ መስኮቱ ፊት ለፊት ሆንኩ።

"አንተም ፊቴን እያየህ ነጥብ ጻፍ" አልኩት።

"ከገጠመልኝ ሰዓት መጠገን እተዋለሁ" አለና ማጉያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አፈጠጠብኝ።

ብቻዬን፣ ከአንተ ቃል ሳልጠብቅ ስቀምስ የመጀመሪያዬ ነው። ቢጫው ካልሲ የተቀቀለ ቼሪና ስኳር ነው፣ ምላስ ላይ ሳይቆይ ይጠፋል፤ አራት። አረንጓዴው ቀላል ነው ግን ሕያው፣ እንጆሪና ትንሽ ቁንዶ በርበሬ አለው፣ ምራቅ ይጠራል፣ ከምግብ ጋር ቢሆን ደግሞ የበለጠ ይናገር ነበር፤ ሰባት ተኩል። ሰማያዊው አናጺ ቤት የገባሁ አስመሰለኝ፤ እንጨት፣ ቫኒላ፣ ደግሞ እንጨት፣ ምላስን እንደ ጥጥ ያደርቃል፣ ፍሬው ከሥር ሞቷል፤ አምስት ተኩል። ቀዩ ሁሉም ነገር በቦታው የሆነ ነው፤ ጥቁር ቼሪ፣ ትንሽ ትምባሆ፣ ቆዳ፣ ከዋጡት በኋላም ቁጭ ብሎ የሚያወራ፤ ስምንት። አመዳዩን ስቀምስ ደነገጥኩ፣ ቀዩን የደገምኩት መሰለኝ። ስምንት ጻፍኩ።

ካልሲዎቹ ሲወልቁ ቀዩና አመዳዩ መንታ ነበሩ፤ ያው የጫማ ወይን፣ ያው የዚያን ቀኑ። አረንጓዴው ምሳ፣ ሰማያዊው ቤት ኪራይ። ምሳው የቤት ኪራዩን በለጠው። ይህን አንተ በየዓመቱ ትናገረው ነበር። ያለፉትን ሁለት ዓመታት ግን ስትናገረው የተናገርኩት እኔ ነበርኩ ለካ።

ከዚያ የሰዓት ሠሪውን ወረቀት ገለበጥነው። አንዱም አልገጠመም። ለዳቦው ዘጠኝ ሰጥቶታል፤ "ቢጫውን ስትቀምሺ ደስ ያለሽ መስሎኝ" አለኝ። ለቀዩ ሦስት።

"ልጄ፣ ይሄ ፊት ነው የቆመ ሰዓት?" አለኝ መነጽሩን እያወረደ። "ስትደሰቺም አሥር ሰዓት ከሩብ፣ ስታዝኚም አሥር ሰዓት ከሩብ!"

ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው። እኔ ግን ነጥቤ በመግጠሙ ደስ ሊለኝ ሲገባ የሐዘን ቤት እንዳለች ሴት ተቀመጥኩ። መንታዎቹን ለይቻለሁ፤ አፍንጫው የእኔ ነበር። ግን ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ደግ ሰው፣ ከልጅነቴ የሚያውቀኝ ሰው፣ ዓይኑን አፍጥጦ አይቶኝ ምንም አላገኘም። የሚያነበኝ ሰው በዚህ ዓለም ላይ አንድ ብቻ እንደነበረና እሱንም አታላይ ብዬ እንዳባረርኩት ያን ሰዓት ገባኝ። አለቀስኩ መሰለኝ። ሰዓት ሠሪው ጠርሙሶቹን እየሰበሰበ "አይዞሽ፣ ደክሞሽ ነው" አለኝ።

አንድ ነገር ግን ያበግነኛል፤ እሱንም ሳልነግርህ አላልፍም። ለምን አልነገርከኝም? "እኔን አይሸተኝም፤ አንቺ አሽትቺ፣ እኔ እናገራለሁ" ብትለኝ ምን ነበረበት? ብዙ አሰብኩበት። ብትነግረኝ ኖሮ ፊቴን መጠበቅ እጀምር ነበር፤ የተጠበቀ ፊት ደግሞ አይነበብም። ወይም ደግሞ አፍረህ ነው። አፍንጫው የሚባል ሰው "አፍንጫ የለኝም" ብሎ ለማን ይናገራል? ያም ሆነ ይህ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳሙና ይዘህ ቆመህ ያየሁህ ጊዜ ድምፅ ሳላሰማ መመለስ አልነበረብኝም። ያኔ ገብቼ አጠገብህ መቆም ነበረብኝ።

ሐኪሙ ማሽተትህ እንደማይመለስ ነግሮሃል አሉ፤ ወንድምህ ናቸው የነገሩኝ። ምግብህን ግማሹን ትተዋለህ፣ ሁሉም ነገር አፍህ ውስጥ ወረቀት ሆኖብሃል አሉኝ። አይዞህ የሚለውን ቃል ሰዓት ሠሪው ሰጥቶኝ ምን ያህል እንደማይረዳ አይቼዋለሁ።

ሱቁ የለምና ሱቁን ክፈት ብዬ አልጠራህም። ከሰፈራችን ልብስ ሰፊዋ ቤት በላይ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ተከራይቻለሁ። ደረጃው ጠባብ ነው፤ ጠረጴዛው እንዲገባ እግሮቹን ነቅለን መልሰን ተከልናቸው፣ አሁን ትንሽ ያነክሳል። ወንበሮቹን ፊት ለፊት አድርጌያቸዋለሁ። መስኮቱም እንደ ድሮው በእኔ ፊት በኩል ነው።

ከደብዳቤው ጋር አመዳዩን ካልሲ ልኬልሃለሁ፤ ውስጡ ጠርሙስ አለ። ምን እንደሆነ፣ ዋጋውም ዳቦ ይሁን ጫማ አልነግርህም። እንድታሸተው አይደለም የላክሁት። ፖስታው ውስጥ ፎቶግራፍ አለልህ። ይህንኑ ወይን ስቀምስ ሰዓት ሠሪው ያነሳኝ ነው፤ ልክ ከዋጥኩት በኋላ፣ ብርሃኑ ፊቴ ላይ ሆኖ። ፎቶ ቤት ያለው ሰው "ሌላ ይሻላል፣ ትንሽ ፈገግ ያልሽበት የለም?" ብሎ ሁሉንም አገላበጣቸው። ሁሉም አንድ ናቸው አለኝ።

በረንዳ ላይ አውጣውና እየው። የሰጠሁትን ነጥብ ጽፌ በታሸገ ፖስታ ለሰዓት ሠሪው ሰጥቼዋለሁ፤ ያንተን ጽፈህ ላክልኝና እናስተያየው። ቁጥሩን ብቻ ጻፍ። ከወይኑ ነጥብ ሌላ ፊቴ ላይ የምታነበው ነገር ካለ ግን እሱን በደብዳቤ አልቀበልህም። እሱን መጥተህ ንገረኝ።

ግድግዳህ